ባለ አክሊሉ ቀይ ጠጠር፤ ስለ ጀርመኖች የዓመቱ ጨዋታ ሽልማት

በጀርመን አገር በየዓመቱ ሐምሌ በሚገባበት ሰሞን፣ በዋናው ከተማ በበርሊን፣ ጋዜጠኞችና አሳታሚዎች፣ ደራስያንና ነጋዴዎች በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው የአንድ ጨዋታ ስም እስኪጠራ ድረስ በጉጉት ይጠባበቃሉ። ስሙ የሚጠበቀው ጨዋታ በሜዳ የሚሮጡበት አይደለም፤ በካርቶን ሣጥን ተዘጋጅቶ የሚሸጥ፣ ቤተ ሰብና ወዳጅ በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በካርታ፣ በጠጠርና በሰሌዳ የሚጫወቱት የገበታ ጨዋታ ነው። ሽልማቱ በአገሩ ቋንቋ ሽፒል ዴስ ያሬስ፣ የዓመቱ ጨዋታ፣ ይባላል፤ ከእርሱ ጋር የሚሰጥ ገንዘብ የለም፤ አሸናፊው የሚያገኘው በሣጥኑ ክዳን ላይ የምትታተመውን፣ በቅጠል አክሊል የተከበበችውን አንዲት ቀይ ጠጠር ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ይህች ጠጠር ያረፈችበት ጨዋታ፣ ምናልባት ጥቂት ሺሕ ተሸጦ ይረሳ የነበረው፣ በመቶ ሺሕ የሚቈጠር ገዢ ያገኛል፤ ደራሲውም ከዚያ ቀን በኋላ ስሙ ከድንበር ማዶ ይሰማል። ገንዘብ የማይሰጥ ሽልማት እንደ ምን ይህን ያህል ኀይል አገኘ ለሚል አንባቢ ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ ማስረዳት ይገባል፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተቈጠሩ ናቸው።

ሽልማቱ ከመቋቋሙ በፊት በጀርመን ከተሞች ለቤተ ሰቡ ጨዋታ ሊገዛ ወደ መደብር የገባ ሰው የሚመራው ምስክር አልነበረውም። መጽሐፍ የሚገዛ ሰው በጋዜጣ ዐምድ ላይ የሐያሲውን ሐተታ አንብቦ ይሄዳል፤ ተውኔት ሊያይ የሚወጣም እንዲሁ፤ ጨዋታ የሚገዛው ግን የሣጥኑን ሥዕል አይቶ፣ ዋጋውን ከፍሎ፣ ከቤቱ ገብቶ ከልጆቹ ጋር እስኪቀመጥ ድረስ የገዛው ነገር ጥበብ ይሁን ከንቱ ሊለይ አይችልም ነበር። ስለዚህም አብዛኛው ሰው አባቶቹ የተጫወቱትን ይዞ ኖረ፤ በ1914 ለገበያ የወጣው፣ ከሉዶ ጋር አንድ ዘር የሆነው ሜንሽ ኤርገሬ ዲሽ ኒሽት የተባለው የዳይስ ጨዋታ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲወርድ፣ አዲስ ሐሳብ የወለደ ሰው ግን የድካሙ ፍሬ ከመደርደሪያ ሥር ተረስቶ ይቀርበት ነበር። ይህን የተመለከቱ፣ በልዩ ልዩ ጋዜጦችና መጽሔቶች ስለ ጨዋታ መጻፍ የጀመሩ ጥቂት ሐያስያን በ1978 አንድ ማኅበር አቋቋሙ፤ ከመካከላቸው በማርቡርግ ከተማ የጨዋታ ቤተ መዛግብት የመሠረቱት በርንቫርድ ቶሌ ይገኙባቸዋል፤ የሰበሰቡትም መዝገብ ዛሬ በኑረምበርግ ከተማ ይጠበቃል። የማኅበሩ ዓላማ ጨዋታን በጀርመን ቤተ ሰብ ዘንድ ማስፋፋትና ገዢውን በእውነተኛ ፍርድ መምራት ነበር፤ የመጀመሪያው ሽልማትም በተከታዩ ዓመት፣ በ1979፣ ተሰጠ።

የመጀመሪያው ተሸላሚ ማን እንደ ነበረ በቅርብ መመልከት ይጠቅማል፤ ምርጫው የማኅበሩን አስተሳሰብ ያለ ሐተታ ይገልጻልና። ጨዋታው ጥንቸልና ጃርት ይባላል፤ የደረሱት ስለ ካርታ ጨዋታዎች ታሪክ ብዙ መጻሕፍት የጻፉት እንግሊዛዊ ዴቪድ ፓርሌት ናቸው። በመልኩ የሩጫ ጨዋታ ነው፤ ነገር ግን እርምጃን የሚወስን ዳይስ የለበትም፤ ተጫዋቹ የፈለገውን ያህል መራመድ ይችላል፤ ለተራመደው ሁሉ ግን በካሮት ይከፍላል። ለአንድ እርምጃ 1 ካሮት፣ ለሁለት እርምጃ 3፣ ለሦስት 6፣ ለአራት 10 እያለ ሲሄድ፣ በአንድ ጊዜ ዐሥር ሊራመድ የወደደ ሰው 55 ካሮት መቍጠር አለበት። እንግዲህ የቸኰለ ሀብቱን በመንገድ ጨርሶ ይቆማል፤ የዘገየም ሰው ይቀደማል። ካሮት ያለቀበት ሰው ወደ ኋላ ተመልሶ በጃርት ሥዕል ላይ ቢያርፍ፣ ወደ ኋላ ለሄደው ለእያንዳንዱ እርምጃ 10 ካሮት ይቀበላል፤ በሩጫ ውስጥ ማፈግፈግ ሀብት የሚሆንበት እንዲህ ያለ ሥርዓት ከዚያ በፊት በብዙ ቤት የታወቀ አልነበረም። ከዚህም በላይ ማንም የተሰጡትን ሦስት ሰላጣዎች በተወሰነው ስፍራ በልቶ ሳይጨርስ ወደ መጨረሻው ሊገባ አይችልም፤ ቀድሞ የሚገባውም በእጁ ከ10 ካሮት በላይ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድለት፣ የመጨረሻዎቹ እርምጃዎች የመቈጠብ ሳይሆን በልክ የማውጣት ፈተና ይሆናሉ። አንድ ልጅ ደንቡን በጥቂት ደቂቃ ይማረዋል፤ የሒሳብ መምህርም ሲጫወተው አይሰለቸውም። ዳኞቹ በመጀመሪያ ብያኔያቸው ይህን የመሰለውን ሥራ አክሊል ማቀዳጀታቸው፣ ከቀላል ደንብ ጥልቅ ሐሳብ መውጣቱን እንደሚያከብሩ ለሁሉ ያስታወቀ ነበር።

በተከታዩ ዓመት በ1980 የተሸለመው ሩሚኩብ ነው። ይህን የደረሱት ከሮማንያ ተነሥተው ወደ እስራኤል የፈለሱት ኤፍሬም ሄርዛኖ ሲሆኑ፣ የመጀመሪያዎቹን ሣጥኖች ከቤተ ሰባቸው ጋር በቤታቸው ጓሮ በእጅ እየሠሩ ይሸጡ ነበር፤ 104 ባለ ቍጥር ጠፍጣፋ ጡቦችና ሁለት ጆከሮች ያሉት ይህ ጨዋታ ዛሬ በእስራኤል የማይታወቅበት ቤት ጥቂት ነው።

የዳኝነቱ ሥርዓት እንዲህ ነው። የዳኞቹ ጉባኤ ከጀርመን፣ ከኦስትሪያና ከስዊዘርላንድ የተውጣጡ፣ በጀርመንኛ ስለ ጨዋታ የሚጽፉና የሚናገሩ ሐያስያን ያሉበት ነው፤ ለዳኝነታቸው ደመወዝ አይቀበሉም፤ ከአሳታሚ ጋር የጥቅም ግንኙነት ያለው ሰውም በመካከላቸው አይቀመጥም። በዓመቱ ውስጥ ለጀርመን ገበያ የሚወጡት አዳዲስ ጨዋታዎች በመቶዎች ይቈጠራሉና፣ እያንዳንዱ ዳኛ ምሽቶቹንና የዕረፍት ቀኖቹን ሰውቶ፣ ከልዩ ልዩ ሰዎች ጋር፣ ከለመዱትም ካልለመዱትም ጋር፣ እየተጫወተ ይመረምራል። በግንቦት ወር ለሽልማቱ የታጩ ሦስት ጨዋታዎችና ሽልማት ባያገኙም ሊገዙ የሚገባቸው ሌሎች ጨዋታዎች ዝርዝር ይወጣል፤ የመጨረሻው ብያኔም በበጋቸው መካከል ይነገራል።

የሚመረመረው ነገር አራት ነው፤ የጨዋታው ሐሳብ አዲስና ተጫውተው የሚደሰቱበት መሆኑ፣ የደንቡ አጻጻፍ ግልጽና በሥርዓት የተደረደረ መሆኑ፣ የሰሌዳውና የሣጥኑ መልክ፣ የዕቃዎቹም አሠራር። ከእነዚህ ከአራቱ እጅግ የምደነቅበት ሁለተኛው ነው። የጨዋታ ደንብ ማለት፣ ደራሲው በሌለበት፣ ሊጠየቅም በማይችልበት ስፍራ፣ ሥራውን አይቶ ለማያውቅ ሰው አንድ አዲስ ሕግ የሚያስተምር ጽሑፍ ነው፤ በአንድ አንቀጹ ውስጥ አንዲት ቃል ሁለት መንገድ ብትተረጐም፣ ከእራት በኋላ በፍቅር የተሰበሰበው ቤተ ሰብ ከፊሉ በአንዱ ከፊሉ በሌላው ትርጓሜ ተከራክሮ ሊነሣ ይችላል። የሕግ ረቂቅ የሚጽፍ ሰው ጠበቃና ፍርድ ቤት አለው፤ ጨዋታ የሚጽፍ ሰው ግን ያለው ያች ወረቀት ብቻ ናት። ስለዚህ ዳኞቹ ሐሳቡ ያማረ፣ ደንቡ ግን የተወሳሰበ ሆኖ የቀረበላቸውን ሥራ ማሳለፍ የለባቸውም፤ ገዢው የሚያገኘው የደራሲውን ሐሳብ ሳይሆን የደራሲውን ጽሑፍ ነውና።

አሁን ስለ ገንዘቡ። ማኅበሩ የሚተዳደረው፣ ያሸነፈው አሳታሚ የጠጠሯን ምልክት በሣጥኑ ላይ ለማተም ከሚከፍለው የፈቃድ ክፍያ ነው፤ ከዚህም የዳኞቹን ሥራና ጨዋታን የሚያስፋፉ ልዩ ልዩ ተግባራትን ይደግፋል። አሳታሚው የሚከፍለው ካሸነፈ በኋላ እንጂ ለመወዳደር አይደለም፤ ማን ቢያሸንፍ ማኅበሩ ያው ክፍያውን ያገኛልና ለአንዱ የሚያደላበት ምክንያት የለውም። ብዙ ሽልማቶች ተወዳዳሪውን አስቀድመው ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ አንዳንዶቹም አምራቾች እርስ በርሳቸው የሚሸላለሙባቸው ናቸው። የቀዩ ጠጠር እምነት የተመሠረተው በዚህ ልዩነት ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሚፈርደው የማይጠቀም ስለ ሆነ፣ የሚጠቀመውም የማይፈርድ ስለ ሆነ፣ እናት ለልጇ የልደት ስጦታ ስትገዛ ያችን ምልክት አይታ ያለ ጥርጥር እጇን ትዘረጋለች።

ከዚህ ሁሉ የሚልቅ፣ ሽልማቱ ያመጣው ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም የጨዋታ ደራሲ መታወቁ ነው። የጥንት ጨዋታዎች ደራሲ የላቸውም፤ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ባሳተሙት ጥናት በአገራችንና በአካባቢው የሚገኙትን የገበጣ ዐይነቶች በብዛት መዝግበዋል፤ ከእነዚያ አንዱንም ማን እንደ ደረሰው የሚያውቅ የለም። በአዲሱ ዘመን ደግሞ ደራሲ የነበራቸው ጨዋታዎች እንኳ ለብዙ ጊዜ በአሳታሚው ስም ብቻ ይሸጡ ነበር። በ1988 በኑረምበርግ የአሻንጉሊት ትርኢት ላይ የተገናኙ ዐሥራ ሦስት የጀርመን ደራስያን፣ ከእነርሱም አንዱ የጎቲንገኑ ራይንሆልድ ቪቲሽ ነበሩ፣ የቢራ ብርጭቆ የሚያርፍባትን ክብ ካርቶን አንሥተው፣ ስማችን በሣጥኑ ላይ ካልተጻፈ ማንኛችንም ሥራችንን ለአሳታሚ አንሰጥም የሚል ቃል ኪዳን ጽፈው ፈረሙባት። ያች ካርቶን ዛሬ በጨዋታ ደራስያን ዘንድ እንደ ታሪክ ሰነድ ትቈጠራለች። ዳኞቹም ብያኔያቸውን ሲያሰሙ የሚጠሩት የአሳታሚውን ብቻ ሳይሆን የደራሲውን ስም ስለ ሆነ፣ የደራስያኑ ትግልና የሐያስያኑ ልማድ እርስ በርስ ተደጋግፈው፣ በሣጥን ክዳን ላይ የሰው ስም ማንበብ የተለመደ ሆነ። ቮልፍጋንግ ክራመር ይህን ክብር አምስት ጊዜ ተቀብለዋል፤ የጀርመን ቤተ ሰቦችም እንደ ልብ ወለድ ደራሲ ስማቸውን እየፈለጉ ይገዛሉ።

ከተሸላሚዎቹ ሁሉ ዓለምን የዞረው በ1995 የተመረጠው ካታን ነው። ደራሲው ክላውስ ቶይበር በዳርምሽታት ከተማ አጠገብ የሚኖሩ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ በመሥራት የሚተዳደሩ ባለ ሙያ ነበሩ፤ ከሥራ በኋላ በቤታቸው ምድር ቤት እየወረዱ ጨዋታ ይደርሱ፣ ረቂቁንም ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው እያቀረቡ ያሻሽሉ ነበር። ከካታን በፊት ሦስት ጊዜ ተሸልመው እንኳ የጥርስ ሥራቸውን አልተዉም፤ የተዉት ካታን ከወጣ በኋላ ነው። ጨዋታው አንዲት ሰው ያልሰፈረባት ደሴት ነው፤ ደሴቲቱ ባለ ስድስት ማዕዘን በሆኑ 19 ካርቶኖች ትሠራለች፤ ካርቶኖቹም በእያንዳንዱ ጊዜ ተደባልቀው ስለሚደረደሩ መልኳ ሁልጊዜ አዲስ ነው። ዱሩ እንጨት፣ መስኩ የበግ ጠጉር፣ እርሻው እህል፣ ኰረብታው ሸክላ፣ ተራራው ማዕድን ይሰጣል፤ በረሓው ምንም አይሰጥም። ከበረሓው በቀር በየካርቶኑ ላይ ቍጥር አለ፤ ሁለት ዳይስ ተጥለው ያ ቍጥር ሲወጣ፣ ጣዩ ማንም ይሁን ማን፣ በዚያ ስፍራ መንደር የሠራ ሁሉ ምርቱን ይቀበላል። ቶይበር ያገኙት ትልቁ ብልሃት ይህ ይመስለኛል፤ በቀድሞዎቹ ጨዋታዎች የሌላው ተራ ሲሆን ሌሎቹ ሥራ ፈትተው ይጠባበቁ ነበር፤ እዚህ ግን የአንዱ ዕጣ ለሁሉ ነውና ከጠረጴዛው የሚርቅ ሐሳብ የለም።

ለአንድ ሰው የሚያስፈልገው ሁሉ በራሱ ይዞታ ስለማይገኝ፣ ሸክላ የበዛለት እህል ካለው ጋር መደራደር ግድ ይሆንበታል፤ ድርድሩም በቃል ነው፤ ማባበልና ማሳመን፣ ቅር መሰኘትና መታረቅ አለበት። በዳይሱ ሰባት ሲወጣ በደሴቲቱ ያለው ወንበዴ ይነሣል፤ ከሰባት የምርት ካርታ በላይ በእጁ ያከማቸ ሰውም ግማሹን ይመልሳል፤ ከሁለት ዳይስ ድምሮች ሁሉ ደግሞ ደጋግሞ የሚወጣው ሰባት ስለ ሆነ፣ ስስት ያለ ቅጣት አያልፍም። ማንም ከጨዋታው ተሸንፎ አይወጣም፤ አንዱ 10 ነጥብ እስኪያገኝ ድረስ ሁሉም ተስፋውን ይዞ ይቆያል። ጨዋታው ከአርባ በሚበልጡ ቋንቋዎች ተተርጕሞ ከአርባ ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ቶይበር በ2023 በሰባ ዓመታቸው ዐረፉ።

ከካታን በኋላ የሌላ አገር ሰዎች የጀርመንን ጨዋታ እንደ አንድ ስልት መመልከት ጀመሩ፤ ጦርነት የማይበዛበት፣ መሥራትና መገበያየት የሚያይልበት፣ ተጫዋች ሳያስወጣ በልክ ሰዓት የሚያልቅ ስልት ነው። በኤሰን ከተማ ከ1983 ጀምሮ በየዓመቱ የሚደረገው የጨዋታ ትርኢትም እየሰፋ ከዓለም ሁሉ ሰው የሚጐርፍበት ገበያ ሆነ። በ2001 የተሸለመው ካርካሶንና በ2004 የተሸለመው፣ የአላን ሙን ድርሰት የሆነው የባቡር ሐዲድ ጨዋታ ይህንኑ መንገድ ተከትለው በብዙ አገር ቤት ገብተዋል።

ይሁንና ሽልማቱ ነቀፋ አላጣም፤ ነቀፋውም መሠረት አለው። ዳኞቹ የሚያስቡት ለቤተ ሰብ ስለ ሆነ፣ ሦስትና አራት ሰዓት የሚፈጀው፣ ደንቡ እንደ መጽሐፍ የሚነበበው ከባድ ጨዋታ በእነርሱ ዘንድ ዕድሉ ጠባብ ነበር፤ በ2008 አግሪኮላ ለተባለው የገበሬ ሕይወት ጨዋታ ልዩ ሽልማት የሰጡት ከዋናው ክብር ውጭ ስፍራ ፈልገውለት ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን፣ በ2011፣ ለሠለጠኑ ተጫዋቾች የሚሆን፣ ጠጠሩ ጥቍር የሆነ ሌላ ሽልማት አቋቋሙ፤ የመጀመሪያው ተሸላሚም ሰባቱ ድንቆች የተባለው ጨዋታ ሆነ። ለሕፃናት የሚሰጠው ባለ ሰማያዊ ጠጠር ሽልማት ከዚያ አስቀድሞ በ2001 ራሱን ችሎ ቆሞ ነበር። ነቀፋ በደረሰባቸው ጊዜ ቀዩን ጠጠር ለባለ ሙያዎች አሳልፈው አለመስጠታቸው ትክክል ነበር ብዬ እፈርዳለሁ፤ ጨዋታ አዋቂው ለራሱ የሚሆነውን ፈልጎ አያጣም፤ ምስክር የሚያስፈልገው የማያውቀው ነውና። በሌላ በኩል ለጀርመንኛ ተናጋሪ ገበያ ያልወጣ ጨዋታ የቱንም ያህል ቢያምር ሊታጭ አለመቻሉን ማስታወስ ይገባል፤ ይህ የአንድ ቋንቋ ሕዝብ ሽልማት ነው፤ የዓለም ዳኛ ነኝ አላለም።

ባለፉት ዓመታት የብያኔው አዝማሚያ ሲለወጥ ይታያል። በ2010 የተሸለመው፣ የሕፃናት የሥነ አእምሮ ሐኪም የሆኑት ዣን ሉዊ ሩቢራ የደረሱት ዲክሲት፣ ተጫዋቹ በእጁ ካሉት ሕልም መሰል ሥዕሎች አንዱን መርጦ በአንዲት ቃል ወይም ሐረግ እንዲያመለክት ያዝዛል፤ ሁሉም ሥዕሉን ቢያውቁበት ወይም ማንም ባያውቅ ነጥብ አያገኝም፤ ከፊሉ ብቻ እንዲያውቅ አድርጎ መናገር አለበት። በ2013 ያሸነፈው የአንትዋን ቦዛ ሃናቢ ደግሞ ተጫዋቹ ካርታውን ፊቱን ወደ ባልንጀሮቹ አዙሮ እንዲይዝ ያደርገዋል፤ የራሱን አያይም፤ የሌላውን ያያል፤ እርስ በርስ በሚሰጣጡት የተቈጠረ ፍንጭ እየተመሩ አብረው ያሸንፋሉ ወይም አብረው ይሸነፋሉ። እንዲህ ያለው፣ ተጫዋቾች ሁሉ ባንድ ወገን የሚቆሙበት ጨዋታ በመጀመሪያ ዘመን ብርቅ ነበር፤ በ2023፣ በ2024 እና በ2025 ግን ሦስቱም ዋና ተሸላሚዎች ከዚህ ወገን ሆኑ። የ2024ቱ ስካይ ቲም ለሁለት ሰው ብቻ የተደረሰ ሲሆን፣ አንዱ ዋና አብራሪ ሌላው ረዳት ሆነው፣ ዳይሳቸውን በየመሣሪያው ላይ ሲያስቀምጡ አንዲት ቃል ሳይለዋወጡ አውሮፕላኑን ያሳርፋሉ፤ የ2025ቱ ደግሞ የጃፓናዊው ሂሳሺ ሃያሺ ድርሰት ሲሆን፣ ተጫዋቾቹ በአንድነት የፈንጂ ሽቦ እየቈረጡ ያከሽፋሉ።

በፍራንክፈርትም ሆነ በሌሎች የጀርመን ከተሞች የሚኖሩ፣ ወላጆች አማርኛ ልጆች ጀርመንኛ የሚቀናቸው ቤተ ሰቦች በገና ሰሞን በየመደብሩ ይህችን ቀይ ጠጠር ሲያዩ፣ በሣጥኑ ውስጥ የሚነበብ ጽሑፍ መኖር አለመኖሩን አስቀድመው ቢጠይቁ ይበጃል። በ2016 የተሸለመው ኮድኔምስ ከአንድ ቋንቋ ቃላት የተሠራ ስለ ሆነ ቋንቋውን እኩል ለማያውቁ አይመችም። ሩሚኩብ በቍጥር፣ በ2011 የተሸለመው ክዊርክል ስድስት ቅርጽና ስድስት ቀለም ባላቸው 108 የእንጨት ጠፍጣፎች፣ በ2018 የተሸለመው አዙልም የፖርቱጋልን የግድግዳ ሸክላ በሚመስሉ ባለ ቀለም ጡቦች የሚካሄዱ ናቸው፤ ደንቡን አንድ ሰው አንብቦ በአማርኛ ካስረዳ በኋላ በጨዋታው ላይ የሚነበብ ቃል የለም፤ አያትና የልጅ ልጅም በእኩልነት ይቀመጡባቸዋል።